ያልተሰላው ግማሽ

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። የዚያን ቀን ጠዋት ግን የወይዘሪት ነፋስ ጆሮ ዘመድ ሆኖ ተገኘ፤ ያውም ያልተጠራ ዘመድ። ሦስት ሰዓት ገና አልሞላም። በኮሪደሩ ጫፍ ካለው የውሃ ማጣሪያ ፊት ጎንበስ ብላ ጠርሙሷን ስትሞላ፣ የአለቃው ቢሮ በር ገርበብ ብሎ ነበርና ድምፁ ተከትሏት መጣ። ስልክ ላይ ነው። ሰውዬው በስልክ ሲያወራ ወንዝ ማዶ ያለ ሰው የሚጣራ ነው የሚመስለው። «ትፈርማለች!» አለ። «ምን አስጨነቀህ? ልጅቷ ጨዋ ናት። ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትፈርማለች፣ ነገ ጠዋት መኪናው ይጭናል። ኧረ ተው! እኔ ምን ቆርጦኝ እፈርማለሁ? ነገ አንድ ነገር ቢመጣ ፊርማው የእሷ ነው።» ከዚያ ሳቀ። ክፉ ሳቅ ቢሆን እንኳ ባልከፋ፤ የደከመው ሰው ሸክሙን ለሌላ ሲያሸክም የሚስቀው ዓይነት ሳቅ ነበር። ጠርሙሱ ሞልቶ ውሃው በእጇ ላይ እስኪፈስ ድረስ እዚያው ቆማ ቀረች።

ስሟ ይህ እንዳይመስላችሁ። ወይዘሪት ነፋስ ያሏት የመሥሪያ ቤት ሰዎች ናቸው፤ ወይዘሪት፣ በአርባ አንድ ዓመቷም ስላላገባች፤ ነፋስ ደግሞ መተዳደሪያዋ ነፋስ ስለሆነ። «ሥራሽ ምንድን ነው?» ብሎ የሚጠይቃት ሁሉ መልሱን ሳትጨርስ ዓይኑ መቅበዝበዝ ይጀምራል። ነገሩ ግን ለሚያዳምጥ ቀላል ነው። ከሰማይ በላይ የሄደች መንኩራኩር ወደ ምድር ስትመለስ በሰከንድ ሰባት ኪሎ ሜትር ትወርዳለች። አየር ደግሞ ጨዋ ነው፤ መጪ እንዳለ ከሰማ መንገድ ይለቃል። ይቺ ግን ወሬዋ ሳይደርስ ራሷ ትደርሳለች። አየሩ መሸሻ ያጣና ፊቷ ላይ ይከመራል፣ ይጨናነቃል፣ ከምድጃ እሳት በላይ ይግላል። ሰው መፋተግ ነው ይላል፤ አይደለም፣ መጨናነቅ ነው፤ በሥራ መግቢያ ሰዓት አውቶቡስ የተሳፈረ ሰው ይህን ለመረዳት ምሁር መሆን አያስፈልገውም። የወይዘሪት ነፋስ ሥራ ያንን ግለት መንኩራኩሯ ሳትነሳ በኮምፒውተር አስልቶ ማሳየት ነው። አየሩ አርባ ሚሊዮን ቦታ ይከፋፈላል፤ እያንዳንዷ ቁራጭ ጎረቤቷን «ምን ያህል ጋልሽ? ወዴት እየሄድሽ ነው?» ብላ ትጠይቃለች፣ በመልሱ ራሷን ታስተካክላለች፣ ከዚያ ደግሞ እንደ ገና ትጠይቃለች። አርባ ሚሊዮን ጎረቤታሞች ቀን ከሌት ሲጠያየቁ ሰንብተው ሁሉም «ደህና ነኝ፣ አልተለወጥኩም» ያሉ ዕለት ሂሳቡ አለቀ ይባላል። የዚህኛው ሂሳብ ሃያ ስድስት ቀን ፈጅቶ ያለቀው ባለፈው ሳምንት ነው።

ዛሬ የሚፈረመው ወረቀት አንድ ገጽ ነው። «የመንኩራኩሯ የሙቀት መከላከያ ቅርፊት በአየር ስሌት ተረጋግጧል» ይላል፤ ከሥሩ አንድ መስመር አለ፣ ለአንድ ሰው ስም። እሱ ከተፈረመ ቅርፊቱ ነገ ጠዋት ተጭኖ ወደ መገጣጠሚያው ይሄዳል፤ ክረምቱ ሲወጣ ሁለት ሰዎች ይሳፈሩባታል። ከወረቀቱ ሥር ሌላ ወረቀት እንዳለም መሥሪያ ቤቱ ሁሉ ያውቃል። የወይዘሪት ነፋስ የቋሚነት ደብዳቤ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ በየዓመቱ ሲታደስ የኖረው ኮንትራቷ በዚህ ወር መጨረሻ ያበቃል። ደብዳቤውን ከእሷ ይልቅ የምትጠብቀው ግን እህቷ ናት። እትዬ ልብስ ሰፊ ናት፤ ሠላሳ ሁለት ዓመት ሰፍታለች፣ ታናሿንም በዚያው አሳድጋ አስተምራለች፣ አሁን ዓይኗ ደክሟል። ክሩን መርፌ ውስጥ የምታስገባው በዳሰሳ ነው። «ደብዳቤሽ የመጣ ቀን መቀሴን አስቀምጣለሁ» ብላለች። አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያለችው፤ እትዬ ቁም ነገር ሁለቴ አትናገርም።

ወይዘሪት ነፋስ እርጥብ እጇን በቀሚሷ አብሳ ወደ ክፍሏ ተመለሰች። ክፍሉ ሁለት ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ ወደ ግቢው የሚያይ አንድ መስኮትና መሳቢያው እንደ ተቆለፈ ቁልፉ የጠፋ ቁም ሣጥን አለው። ከግድግዳው ማዶ ትልቁ ኮምፒውተር ሲያጉረመርም ይውላል፤ ግድግዳው ከእሱ የተነሣ ሁልጊዜ ሞቃት ነው፤ ብርድ በሆነ ጊዜ ጀርባዋን ትደገፍበታለች። ዛሬም ተደገፈችና ሥዕሉን ከፈተችው። ወይ ይህ ሥዕል! ሦስት ዓመት ብጤዎቹን አይታ አልጠገበችም። መንኩራኩሯ አፏን ወደ ታች እንደ ደፋች ጎድጓዳ ሳህን ጋደል ብላ መሀል ላይ ተንሳፍፋለች። ከፊቷ ቀይ ቀስት፣ ከቀዩ ኋላ ብርቱካናማ፣ ከዚያ ቢጫ፣ ከዚያ እየሳሳ የሚሄድ አረንጓዴ፣ ከጀርባዋ ደግሞ ሰማያዊ፣ ጸጥ ያለ፣ ምንም ያልሰማ የሚመስል ሰማያዊ። አንዳንዴ ዓይኗን ሳትነቅል ስታየው ወንበሩም ግድግዳውም ይጠፋባትና ራሷ ከአየሩ ቁራጮች አንዷ ትሆናለች። ከፍ ብላ በብርዱና በባዶው ውስጥ ስትንሳፈፍ፣ ምንም ሳትሰማ፣ ድንገት አንድ ግዙፍ ነገር ይደርስባታል። ትጨመቃለች፣ ትግላለች፣ በትከሻዋ በኩል ተንሸራታ ታልፋለች፣ ከዚያ ከኋላ በዚያ ሰማያዊ ውስጥ ቀስ ብላ እየዞረች ትበርዳለች። ሕልም ነው ይሉታል ሰዎች፤ እሷ ሥራ ትለዋለች።

ዛሬ ግን ከሕልሙ መሀል ያ ሳቅ ይገባባታል። አንድ ነገር ቢመጣ አለ። ምን ይመጣል? ሥዕሉን አዞረችው፣ አቀረበችው፣ አራቀችው። እንከን የለውም። ከፊት ለፊቷ የተቀመጠው ባልደረባዋ ዳቦውን እየገመጠ ስለ ሽንኩርት ዋጋ ያማርራል። ዓሣ አጥማጁ ይሉታል፤ ውሃ እንኳ ይፈራል፣ ግን አየሩ የሚከፋፈልበትን መረብ የሚሠራው እሱ ስለሆነ ስሙ ተለጥፎበት ቀርቷል። ሽንኩርት ከሥጋ ሊስተካከል ነው፣ የልጁ ጥርስ መንቀያ የወር የቤት ኪራይ ያህል ተጠይቋል፣ የጥርስ ሐኪሙ ግን ግድግዳው ላይ ምስክር ወረቀት እንኳ የለውም። «መረብህ ላይ ቀዳዳ አለ?» አለችው ድንገት። «የእኔ መረብ? ትንኝ አያሳልፍም!» አለና ሳቀ፤ ከዚያ ፊቷን አይቶ ሳቁን ተወ። ምን ሆንሽ ብሎ ግን አልጠየቀም። ስድስት ዓመት ፊት ለፊት የተቀመጡ ሰዎች ሁሉን ነገር አይጠያየቁም።

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ለምሳ ወደ ቤት ሄደች። ቤቱ በእግር የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው። ቁልፍ ከሚቀርጸው ሱቅ በላይ፣ ደረጃው ሲረግጡት የሚያቃስት፣ አንደኛ ፎቅ ላይ ያለ አንድ ሰፊ ክፍል ነው፤ በመጋረጃ ተከፍሎ ወዲህ ሱቅ፣ ወዲያ ቤት ሆኗል። ገና ደረጃው ላይ ሳለች የስፌት መኪናውን ድምፅ አልሰማችም፤ ደንበኛ አለ ማለት ነው። ገባች። እትዬ ከንፈሯ መሀል አምስት ስፒል ይዛ፣ ፖስተኛውን እጁን አስዘርግታ መሀል ክፍል ላይ አቁማዋለች። ሰውየው ጡረታ ሊወጣ ነው፣ ለሽኝቱ የሚለብሰው ኮት ይሰፋለታል። የመስኮቱ ፀሐይ ክፍሉን ሰንጥቃ ገብታለች፤ በፀሐይዋ ውስጥ የጨርቅ ብናኝ ይንሳፈፋል። እትዬ እጇን ባነሳች ቁጥር ብናኙ መንገድ ይለቅላታል፣ ከእጇ ኋላ ተጠቅልሎ ይዞርና ተመልሶ ጸጥ ይላል። ወይዘሪት ነፋስ አየርን መጀመሪያ ያየችው በልጅነቷ እዚሁ ጠረጴዛ ሥር ተኝታ፣ በዚሁ ብናኝ ውስጥ ነው። ሾርባዋን ቀድታ ከመጋረጃው አጠገብ ተቀመጠች። እህቷ ዞር ብላ አየቻት፣ በዓይኗ ዛሬ ነው አይደል አለቻት፤ እሷም በራሷ አዎ አለች።

«እህቴ፣ ክንዴ ዛለ እኮ» አለ ፖስተኛው። «አንዱን ትከሻ ለክተሽ ሌላውን እንደዚያው ማድረግ አይቻልም? ሁለቱም የእኔው ናቸው።»

እትዬ ስፒሎቹን ከአፏ አወጣች። «ጨርቅ ይታጠፋል፣ ጋሼ። ሰው አይታጠፍም። ሠላሳ ዓመት ቦርሳ የተሸከሙበት ቀኝ ትከሻዎ በሁለት ጣት ወርዷል። በግራው ለክቼ ብሰፋልዎት በሽኝትዎ ቀን ኮቱ በቀኝ በኩል ተጣሞ ይስቅብዎታል።»

ፖስተኛው ከልቡ ሳቀ። ወይዘሪት ነፋስ ግን ማንኪያዋ አየር ላይ ቀረ። ልብ ካላየ ዓይን አያይም እንዲሉ፣ ጠዋቱን ሙሉ ሥዕሉ ላይ ስትፈልግ የዋለችው ነገር ሥዕሉ ላይ አልነበረም። ኮምፒውተሩ የጠቅላላዋን መንኩራኩር አየር ለማስላት ሁለት ወር ይፈጅበታል፤ ሁለት ወር ደግሞ ማንም አይሰጣቸውም። ስለዚህ እንደ ልብስ ሰፊ ጨርቅ ያጥፏታል። የግራውን ግማሽ ብቻ ያሰላሉ፣ ሂሳቡ ሲያልቅ እንደ መስታወት ገልብጠው ቀኝ ያደርጉታል። መንኩራኩሯ ግራና ቀኟ አንድ ስለሆነ ማንም አይጎዳም። አንድ ነበር! ከስድስት ወር በፊት ከመካኒኮቹ አንዲት አጭር ደብዳቤ መጥታለች፤ የኬብል መግቢያዋ ትንሽ በር ከጀርባ ተነሥታ ወደ ቀኝ ጎን፣ ከቅርፊቱ ጠርዝ አጠገብ ተዛውራለች ትላለች። ወይዘሪት ነፋስ ደብዳቤዋን ከሃያ ሌሎች ጋር ተቀብላ፣ በእያንዳንዳቸው ላይ «ታይቷል» ብላ ጽፋ፣ ወደ ፋይሉ መልሳቸዋለች። በእጇ ነው የጻፈችው። የግራው ግማሽ ልሙጥ ነው፤ ልሙጡ ተገልብጦ ቀኝ ሆኗል፤ በእሷ ኮምፒውተር ውስጥ ያለችው መንኩራኩር በየትም በኩል በር የላትም። አለቃው ያውቃል ማለት ነው። ያወቀው መቼ እንደሆነ እግዜር ይወቅ፣ እሷ ግን ቀድማ ማወቅ ነበረባት። ፊቷ ጋለ፤ ከጠዋቱ ንዴት ይልቅ ይህ እፍረት በለጠባት።

«ሾርባሽ!» አለች እትዬ ከኋላዋ። ደረጃው ሲያቃስት ብቻ ተሰማ።

ዓሣ አጥማጁን ወንበሩ ላይ ተንጋሎ አገኘችው። ነገሩን ስትነግረው መጀመሪያ ቀለደ፣ ከዚያ ዳቦውን አስቀመጠ፣ ከዚያ ደግሞ ክፍሉን ዘጋ። «ዘጠኝ ሰዓት ነው የምትፈርሚው?» አላት። «አንድ ሰዓት ተኩል አለን። ሙሉውን አይሆንም። የበሯን አካባቢ ብቻ፣ ዓይኑ ሰፋፊ የሆነ ሸካራ መረብ ልሥራልሽ?» ሠራላት። እጁ ሲፈጥን የልጁን ጥርስም የሽንኩርቱንም ነገር ረስቶት ነበር። «እኔ ግን እዚህ አልነበርኩም» አለ ጨርሶ ሲነሣ፤ «የሦስት ልጆች አባት ነኝ።» ሲወጣ ግን በሩን በቀስታ ነው የዘጋው፣ የታመመ ሰው ያለበት ክፍል ይመስል። ወይዘሪት ነፋስ ብቻዋን ቀረች። ትንሿ ሂሳብ ስትሠራ ተቀምጣ አየቻት። በመጀመሪያ ምንም የለም፣ ሰማያዊ ነው። ከዚያ አየሩ የበሯን ጠርዝ አገኘ። ስንጥቋ የጥፍር ውፍረት አታክልም፤ አየሩ ግን ዳሰሳት፣ ተሰናከለባት፣ ተጠቅልሎ ገባባት። ከጠርዟ ዙሪያ አንዲት ቀይ ክር ብቅ አለች። ክሯ ቀስ እያለች ወፈረች፣ ከቀይ ወደ ነጭ አለፈች። ቁጥሩን አነበበችው፤ የበሯ ማሸጊያ ሊችለው ከሚችለው በእጥፍ ይበልጣል። ሸካራ ሂሳብ ነው፣ ሊሳሳት ይችላል። ግን ምን ያህል ይሳሳታል? የሚገርመው ደግሞ ማማሩ ነው፤ ያ ነጭ ክር እንደ ንጋት የሚያምር ነበር፣ ዓይኗን መንቀል አቃታት።

ሰው ናትና ሌላም ነገር አሰበች። ይህችን ሂሳብ ያየ ማንም የለም። አንድ ቁልፍ ብትነካ ትጠፋለች። ዓሣ አጥማጁ አልነበርኩም ብሏል። ፈርማ ደብዳቤዋን ተቀብላ ቤቷ ትገባለች፣ እትዬ መቀሷን ታስቀምጣለች፣ ጠዋት ጠዋት መስኮቱ ሥር ወንበር አውጥታ ምንም ሳትሠራ ትቀመጣለች። ያንን ወንበር አየችው፤ እጆቿ ጭኗ ላይ ባዶአቸውን አርፈው አየቻቸው። የሙሉውን ስሌት በኋላ በዘዴ ታነሳው የለ? ማን ያውቃል፣ ምንም ላይመጣ ይችላል። ከዚያ ሁለቱ ሰዎች ትዝ አሏት። አንድ ጊዜ ወንበራቸውን ለመለካት እዚህ መጥተው ነበር። አንደኛው ረጅም ነው፣ ጉንፋን ይዞት ነበር፣ እሷን ኮሪደር ላይ አግኝቷት መጸዳጃ ቤቱ የት እንደሆነ ጠይቋት አሳይታዋለች፤ አመሰግናለሁ ብሎ ጎንበስ አለላት። ያን ያህል ነው የምታውቀው። በቀኝ በኩል ባለው ወንበር የሚቀመጠው እሱ መሆን አለመሆኑን ግን አታውቅም። ሰዓቱን አየች፤ ለዘጠኝ አምስት ጉዳይ ሆኗል።

አለቃው ጠረጴዛውን አጽድቶ፣ ወረቀቱን መሀል ላይ አድርጎ፣ እስክሪብቶ ከጎኑ አስቀምጦ ጠበቃት። ሻይ አስቀርቦላታል። ቀጭን ሰው ነው፤ ከጠረጴዛው ጥግ የጨጓራ መድኃኒቱ ከእጁ አይርቅም፤ ሦስት ዓመት ከላይ እየተቆጡት፣ ከታች እየተነጫነጩበት የኖረ ሰው ነው። «ጎሽ፣ ሰዓት አክባሪ!» አላት። ወይዘሪት ነፋስ ተቀመጠች። እስክሪብቶውን አነሣች፣ ግን በመስመሩ ላይ አልጀመረችም፤ ከመስመሩ በላይ ባለው ባዶ ቦታ፣ ደቃቅ በሆነ የእጅ ጽሑፏ፣ እየተጠነቀቀች ጻፈች። «ስሌቱ የተሠራው ለግራው ግማሽ ብቻ ነው። ቀኙ ግማሽ፣ የኬብል በሯ ያለችበት፣ አልተሰላም። በሸካራ ግምት በሯ አትችልም። የበሯ ደብዳቤ ደርሶኝ ሳላስብበት ያለፍኩት እኔ ነኝ።» ከዚያ ፈረመች። ፊርማዋ የሌላ ሰው መሰለ።

አለቃው ተገልብጦ የሚታየውን ጽሑፍ እያነበበ ነበርና ወረቀቱን ሳይስበው ጨርሶታል። «በሯ እኮ መዳፍ አታክልም» አለ።

«አየር መዳፍ አይጠይቅም። ስንጥቅ ይበቃዋል።» ከዚያ ሳታስበው ወጣላት፤ «ያውቁ ነበር?»

«ደብዳቤው ለእኔም ደርሷል» አለ መስኮቱን እያየ። «አንቺ ካላነሣሽው ያሰላሽው መስሎኝ ነበር።»

«መስሎዎት ነበር?»

«መስሎኝ ነበር ብል ይሻለኛል፣ ልጄ» አለ።

አልተቆጣም። ቢቆጣ ይቀላት ነበር። ከወረቀቱ ሥር የነበረውን ደብዳቤ አወጣ፣ ስሟ ከላይ ተጽፎበት አየችው፤ ሙሉ ስሟ፣ እትዬ ብቻ የምትጠራበት ስሟ። አጠፈውና መሳቢያው ውስጥ ከተተው። ጥፋትሽን በራስሽ እጅ ጽፈሽ ሳለ ይህንን ብሰጥሽ ከላይ ምን እላለሁ አላት፤ ኮንትራትሽ እስከ ወሩ መጨረሻ ነው፣ ቀኙን ግማሽ እስከዚያ አስጀምረሽ ማን እንደሚረከብሽ እናያለን። ይህን ሁሉ ሲል ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር። ከዚያ ስልኩን አንሥቶ ለነገ የታዘዘውን መኪና አስቀረ። ወይዘሪት ነፋስ ሻይዋን ጨርሳ መውጣት ተገቢ ይሁን አይሁን ስላላወቀች፣ ቀዝቅዞ ሳለ ሁለት ጊዜ ፉት ብላ፣ አመሰግናለሁ ብላ ወጣች። ኮሪደሩ ላይ ስትደርስ ለምን እንዳመሰገነችው ገረማት።

ከዚያ በኋላ ያለው ሰዓት እንዴት እንዳለፈ በደንብ አታስታውስም። ዓሣ አጥማጁ ተመልሶ መጥቶ አጠገቧ ቆመ፣ የዳቦውን ግማሽ ቆርሶ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠላትና ሙሉውን መረብ መሥራት ጀመረ፤ ግራና ቀኝ፣ በርና ጠርዝ፣ ስንጥቋም ሳትቀር። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ወጣች። መንገዱ ሞልቷል፤ ሰው ከሥራ ይመለሳል። ወይዘሪት ነፋስ በሰዉ መሀል ስትሄድ ሁሉም ከፊቷ ቀስ ብሎ ሲከፈትና ከኋላዋ ሲገጥም ይታያት ነበር፤ ማንም አልገፋትም፣ ማንንም አልነካችም፣ መሬቱን የምትረግጠውም አልመሰላት። የፍራፍሬ ነጋዴው ዋጋ ሲጠራ ሰማች፣ የሆነ ልጅ ሲያለቅስ ሰማች፤ ሁሉም ከሩቅ፣ ከሰማያዊው በኩል ነው የሚመጣው። ያነቃት የደረጃው ማቃሰት ነው። አለቃውን አልፈራችም፣ ይህን ደረጃ ግን ፈራችው።

እትዬ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ በቀረው ብርሃን የትምህርት ቤት ቀሚሶች ጠርዝ በእጇ ትሰፋለች። አሥራ ሁለት ቀሚስ ነው፣ ለነገ የሚደርስ። የመቁረጫው ጠረጴዛ ግን ተጠርጎ ነጭ ጨርቅ ለብሷል፤ ላዩ ላይ ሁለት ሳህን አለ፣ መሀሉ ላይ ክሬም የተቀባ ኬክ፣ ዳቦ ቤቱ መስኮት ላይ እያዩ ለዓመታት ያለፉት ዓይነት። ዋጋውን ወይዘሪት ነፋስ ታውቀዋለች፤ የእነዚያ ቀሚሶች ሁሉ ጠርዝ ተሰፍቶም አይገዛውም። ቦርሳዋን አስቀመጠች። ቀሚሷን አስተካከለች። እትዬ ቀና ብላ አላየቻትም፤ መልሱን ከፊቷ ላይ አስቀድማ እንዳታነበው የፈራች ትመስል ነበር።

«ፈረምሽ?»

«ፈረምኩ፣ እትዬ። ግን የሠራሁትን ግማሽ ነው የፈረምኩት።»

ሁሉንም ነገረቻት። ቆማ ነው የነገረቻት፣ እንደ ተማሪ። የታጠፈውን መንኩራኩር፣ የተዛወረችውን በር፣ ታይቷል ያለችበትን ደብዳቤ፣ ነጯን ክር፣ መሳቢያው ውስጥ የገባውን ወረቀት። እትዬ መርፌዋን ሳታቆም አዳመጠቻት፤ ሠላሳ ሁለት ዓመት የሠራ እጅ ጆሮው ሲደነግጥ አይቆምም። ከታች ቁልፍ ቀራጩ ብረት ሲፍቅ ይሰማል። «ስንት ሰው ነው የሚሳፈርባት?» አለች እትዬ። ስለ ሥራዋ እንዲህ ያለ ጥያቄ ስትጠይቃት የመጀመሪያ ጊዜዋ ነው።

«ሁለት።»

«ልጆች አሏቸው?»

«እንጃ። አንደኛውን ብቻ ነው ያየሁት። ጉንፋን ይዞት ነበር።»

እትዬ ራሷን ነቀነቀች። ክሩን በጥርሷ በጠሰች፣ አዲስ ክር አነሣች፣ የመርፌውን ቀዳዳ በጣቷ ጫፍ ዳሰሰች። አንዴ ሞከረች፣ አልገባም። ሁለተኛ ሞከረች። «ደግ አደረግሽ» አለች። «እኔም ብሆን እንደዚያ ነበር የማደርገው። ደግ አደረግሽ፣ የእኔ እናት።» ሦስተኛ ሞከረች፤ ክሩ ከቀዳዳው ጎን ታጥፎ ቀረ። ያን ጊዜ እጇ ጭኗ ላይ ወደቀ፣ ድምፅዋም ተለወጠ። «እኔ ግን ደክሞኛል» አለች።

ወይዘሪት ነፋስ ይህን ቃል ከእህቷ አፍ ሰምታ አታውቅም። እናታቸው በሞተች ጊዜ አልሰማችም፣ የዩኒቨርሲቲው ክፍያ በተቆለለ ዓመት አልሰማችም፣ እትዬ በትኩሳት እየነደደች አሥር ኮት ባስረከበች ሳምንት አልሰማችም። አትደክምም ብላ አስባ ነበር ማለት አይቻልም፤ ጨርሶ አላሰበችበትም። ይቅርታ ማለት ትንሽ ሆነባት፣ አይዞሽ ማለት ደግሞ ዓይን ማውጣት መሰላት። ወንበር ስባ ከጎኗ ተቀመጠች፣ ጉልበቷ የእህቷን ጉልበት እስኪነካ ተጠጋች፣ እጇንም ዘረጋች። «ስጪኝ» አለቻት።

ሌላ ቀን ቢሆን እትዬ «ተዪው፣ የተማረ እጅሽን አትውጊ» ብላ ትነጥቃት ነበር። ዛሬ መርፌውንም፣ ክሩንም፣ ቀሚሱንም ሰጠቻት።